የሩቅ ውሳኔ፣ የቅርብ ብልሽት

አንድ አነስተኛ የኮምፒውተር ጥገና ቤት የዓለምን የቴክኖሎጂ ዜና ለምን በጥሞና ይከታተላል?

ወጣቷ ላፕቶፑን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ሰላምታው ሳያልቅ ጉዳይዋን ተናገረች። "ወንድሜ፣ ዊንዶውስ 11 ጫንልኝ። 10ሩ አብቅቶለታል አሉ።"

ጥገና ቤቱ አራት ኪሎ አካባቢ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቶችና የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች በተደረደሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ግድግዳው ላይ ቻርጀሮች እንደየአፋቸው ዓይነት ተንጠልጥለዋል። መደርደሪያው ላይ ክዳናቸው የተፈታ ላፕቶፖች የባለቤታቸው ስምና ስልክ ተለጥፎባቸው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ባለሙያው ካቻቢቴ አላነሳም። ማሽኑን አበራና የሲስተሙን መረጃ ከፍቶ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ፦ ኢንቴል ኮር አይ5-6300ዩ።

"ከሰረዟ ቀጥሎ ያለችውን ቁጥር አየሻት? 6 ናት። ስድስተኛ ጀነሬሽን ማለት ነው። 11 በወጉ የሚቀበለው ከስምንተኛው ጀምሮ ነው።"

"እና ልጣለው?"

"ኧረ ምን ሲባል! መጀመሪያ ምን እንደምትሠሪበት ንገሪኝ።"

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። በማግስቱ የትኛውም ማሽን አልጠፋም፤ ይበራል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። የቀረው በየወሩ በነፃ ይመጣ የነበረው የደኅንነት ማስተካከያ ነው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና በኢንቴል በኩል ስምንተኛ ጀነሬሽን ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ውጭ አገር የኩባንያ ሠራተኞች ሲሠሩባቸው ቆይተው ወደ አገራችን ገበያ ከገቡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3፣ ዴል ላቲቲዩድ ኢ7470 እና ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ460፣ ስድስተኛ ጀነሬሽን ናቸው። ጉልበት አላቸው፣ አካላቸውም ጠንካራ ነው። በአዲሱ መስፈርት ግን ከደጅ ቀሩ።

ወጣቷ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ጀምራለች፤ ሌላው ሥራዋ ጽሑፍና ኤክሴል ነው። ሥልጠናው የሚሰጠው በብራውዘር በኩል ስለሆነ 11 አላስፈለጋትም። የሚያስለቅሳት የማሽኑ መንቀራፈፍ ነበር፤ ምክንያቱም ውስጡ ያለው የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ነው። እንዲህ ያለው ዲስክ ተከታታይ ፋይል ሲያነብ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ይደርሳል፤ የተበታተኑ ትናንሽ ፋይሎችን ሲለቃቅም ግን መርፌው ከቦታ ቦታ ሲመላለስ ጊዜው ያልቃል። ተራ ኤስኤስዲ በሰከንድ ከ500 ሜጋባይት በላይ ያነባል፤ የሚመላለስ መርፌም የለውም። ባለሙያው ኤስኤስዲ ቀይሮላት 10ሩን ከማይክሮሶፍት አካውንቷ ጋር አያይዞ ተጨማሪውን የደኅንነት ማስተካከያ አስመዘገበላት። ይህ ማስተካከያ ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ይዘልቃል። የኮምፒውተሩን ቅንብር ከአካውንቱ ጋር ላያያዘ ሰው ክፍያ የለውም፤ ይህን ለማይፈልግ ዋጋው 30 ዶላር ነው።

ልጅቷ የመጣችው ለሌላ ሥራ ነበር። ገንዘቧን ያዳነላት ሰውየው ፕሮሰሰር ስለለወጠ ሳይሆን፣ ማይክሮሶፍት በሩቁ የወሰነውን ውሳኔ ከነቀነ ገደቡና ከነማለፊያ በሩ ስለሚያውቅ ነው። የጥገና ቤት ባለቤት የቴክኖሎጂ ዜና የሚከታተለው ገበሬ ሰማዩን እንደሚያየው ነው፤ ሊያዝንበት ሳይሆን ሊዘጋጅበት። እያንዳንዱ የሩቅ ውሳኔ ከወራት በኋላ ብልሽት ሆኖ በሩን ያንኳኳል።

ፎርማት የሁሉ መድኃኒት በነበረበት ዘመን

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ብዙ ዓመታት ግን የአብዛኛው ሰው ኮምፒውተር ከሌላው ዓለም ጋር የሚገናኘው በመስመር ሳይሆን በፍላሽ ነበር። ቫይረሱም በፍላሽ ይመጣል። ዛሬ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ያኔ ተማሪ የነበረ ሁሉ ሾርትከት ቫይረስን ያስታውሰዋል፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ አሳይመንት አሳትሞ ሲመለስ ፎልደሮቹ ሁሉ ትንሽ ቀስት ለብሰው ያገኛቸዋል።

አሠራሩ ብልጠት ነበረበት። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በዚያው ስም ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱ ሲነካ መጀመሪያ ቫይረሱን ያስነሳል፣ ከዚያ የተደበቀውን ፎልደር ይከፍታል። ሰው ፋይሉን ስላገኘ ምንም አይጠረጥርም። መድኃኒቱ በጥቁሩ መስኮት የምትጻፍ አትሪብ የምትባል አንድ መስመር ትእዛዝ ነበረች፤ የተደበቀውን ሁሉ ትገልጠዋለች። ያቺን መስመር በቃሉ የያዘ ልጅ በሰፈሩ የኮምፒውተር ሐኪም ተብሎ ይጠራ ነበር። የብዙ ባለሙያ ሥራ የተጀመረውም እንዲሁ ነው።

ሾርትከት ቫይረስ አሁንም አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ ዘመኑ ግን አልፏል። ሰው አሳይመንቱን ለፎቶ ኮፒ ቤቱ በቴሌግራም ይልካል። ብልሽቱም አብሮ ተለወጠ። አሁን የሚመጣው ስሞታ "ቴሌግራሜን ሰው ያነበዋል" የሚል ነው። አንድ ተማሪ ይህንኑ ይዞ ሲመጣ፣ ምክንያቱን ለማግኘት ባለሙያው የላፕቶፑን ክዳን መክፈት አላስፈለገውም፤ ስልኩ ላይ የተከፈቱ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ተማሪው ከወራት በፊት በሕዝብ ኮምፒውተር ከፍቶ የረሳውን አካውንት ዘጋለት። ሥራው የፈጀው ከአንድ ስኒ ቡና ያነሰ ጊዜ ነው። ለዚህ ምን ያህል ያስከፍሉታል? ወደዚህ ጥያቄ እንመለስበታለን።

ፈረንጅኛ የሆነው መጽሐፍ

ከሰዓት በኋላ ሽበታም አዛውንት ዴስክቶፓቸውን በልጅ አሸክመው መጡ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ መጽሐፍ እየጻፉ ነው። ኮምፒውተሩ ሲያስቸግራቸው ሌላ ቦታ ወስደው ፎርማት አስደርገውታል፤ ፋይሎቹ ተመልሰዋል፣ ነገር ግን ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝብርቅርቅ ናቸው።

"ልጄ፣ የስንት ዓመት ድካሜ ፈረንጅኛ ሆነብኝ።"

"ጋሼ፣ አይጨነቁ። ጽሑፉ አልጠፋም። የጠፋው ፎንቱ ነው። ሲጽፉ በምን ነበር የሚጽፉት?"

"በፓወር ግዕዝ ነዋ።"

የድሮዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተሠሩት ኮምፒውተሩ የኛን ፊደል በማያውቅበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ፊደሎቻችንን የላቲን ፊደላት በያዙት ቁጥሮች ላይ አስቀመጧቸው። ኮምፒውተሩ ላቲን የሚጽፍ ይመስለዋል፤ የአማርኛ መልክ የሚያለብሰው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ሲጠፋ መልኩም አብሮ ይጠፋል። ይህን ችግር ከሥሩ የፈታው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። በእሱ የግዕዝ ፊደል የራሱን የቁጥር ክልል አገኘ፤ "ሀ" 1200 የሚለውን የኮድ ቁጥር ያዘች፤ ከዚያ ወዲህ በየትኛውም መሣሪያ ላይ ያቺው "ሀ" ናት። ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት አብሮ ይዞ መምጣት ጀመረ። ሆኖም በየቢሮውና በየቤቱ በአሮጌው ስልት የተጻፈ ሰነድ ገና ብዙ ነው።

ባለሙያው ፎንቱን ከራሱ ማከማቻ አውጥቶ ጫነው። የመጀመሪያው ገጽ በአማርኛ ሲመለስ አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው ተጠግተው አዩት። ሥራው ግን በዚህ አላበቃም። እያንዳንዱ ምዕራፍ ቅርጹ እንዳይጠፋ በፒዲኤፍ ተቀመጠ፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ስለሚይዝ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አይበላሽም። ከዚያም ጽሑፉ በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ተዛወረ። መለወጫው አንዳንድ ፊደል ይስታል፤ ስለዚህ ንባቡን ራሳቸው አዛውንቱ እንዲያርሙ ተነገራቸው። ካሁን በኋላ በዩኒኮድ እንዲጽፉም ኪቦርዱ ተስተካከለላቸው። ፎርማት ያደረገላቸው ሰው ስህተቱ መፍታትና መግጠም አለማወቁ አይደለም፤ ደንበኛው በምን እንደሚጽፉ ሳይጠይቅ መደምሰሱ ነው።

በነፃ የተገኘ ክራክ

በአገራችን ብዙ ኮምፒውተር የሚሠራው ባልተገዛ ሶፍትዌር ነው። ምክንያቱ ስስት ብቻ አይደለም፤ መክፈል የሚፈልገውም ቢሆን ክፍያው በዶላርና በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። ክፍተቱን የሞላው ክራክ ነው፤ ክራኩ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ስቶፕ ወይም ጃቩ በመባል የሚታወቀው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው በዋናነት በተሰነጠቁ ሶፍትዌሮችና በአክቲቬተሮች ተሸሽጎ ነው። የሠርግ ፎቶ፣ የሒሳብ መዝገብ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሳይለይ ይቆልፍና ገንዘብ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ የኔት ጥራት ያልታሰበ ሚና ይጫወታል። ቫይረሱ ፋይሎቹን ከመቆለፉ በፊት ከጌቶቹ ሰርቨር ለዚያ ማሽን ብቻ የሚሆን ቁልፍ ይጠይቃል። መስመሩ ከተቋረጠ ወይም ሰርቨሩ ካልመለሰ በውስጡ ይዞት በመጣው የጋራ ቁልፍ ይቆልፋል። የጋራው ቁልፍ ከተገኘ ደግሞ በእሱ የተቆለፈ ሁሉ ሊፈታ ይችላል። ኤምሲሶፍት የተባለው ኩባንያ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ለብዙዎቹ የዚህ ቫይረስ ዝርያዎች በነፃ መፍቻ አውጥቷል። ስለዚህ ባለሙያው መጀመሪያ የሚያየው ቫይረሱ የተወውን መለያ ቁጥር ነው፤ መጨረሻው "ቲ1" ከሆነ የጋራ ቁልፍ ነውና ተስፋ አለ። ካልሆነ ፋይሉን አስቀምጦ መጠበቅ እንጂ ለማንም ገንዘብ መላክ አይመክርም።

ያልታደሰ ማሽን የሚያስከፍለውን ዋጋ ዓለም ያየው ግንቦት 2009 ዓ.ም. ነው። ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በቀናት ውስጥ ከ150 በላይ አገሮችን ሲያዳርስ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማስተካከያ ካወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። የተጎዱት ማስተካከያውን ያልጫኑት ናቸው። ዝማኔ ዳታ ይበላል ብሎ የሚያጠፋ ደንበኛ ሲመጣ ባለሙያው ክርክር አይገባም፤ ዝማኔውን አንዴ በራሱ መስመር አውርዶ ለሁሉም ይጭናል።

48 አኃዝ

ከሁሉ የሚከብደው ብልሽት ግን ምንም ያልተበላሸበት ነው። አንድ ነጋዴ ላፕቶፑ አልነሳ ብሎት ቦርዱ ተሠራለት፤ ተነሣም። ወዲያው ሰማያዊ ገጽ ወጣና 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ጠየቀ። ቢትሎከር ነው፤ ዲስኩን የሚያመሰጥር የዊንዶውስ ዘብ። በ2017 ዓ.ም. መባቻ ከወጣው 24ኤች2 ከተባለው የዊንዶውስ 11 እትም ጀምሮ፣ ብቁ በሆነ ማሽን ላይ እንደ አዲስ ተጭኖ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባ ምስጠራው በራሱ ይበራል። ቁልፉም አካውንቱ ውስጥ ይቀመጣል። ለተሰረቀ ላፕቶፕ ትልቅ ጥበቃ ነው። ቦርድ ሲቀየር ወይም የባዮስ ቅንብር ሲናጋ ግን ማሽኑ ባለቤቱንም ሌባ ብሎ ሊጠረጥር ይችላል።

"በየትኛው ኢሜይል ነው የከፈትከው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? የሸጠልኝ ልጅ ነው አስተካክሎ የሰጠኝ።"

ቁልፉ ያለው ሻጩ በዚያን ዕለት ቸኩሎ በከፈተው፣ ማንም በማያስታውሰው አካውንት ውስጥ ነው። ቁልፉ ካልተገኘ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለ የትኛውም መሣሪያ ዲስኩን አያነበውም። ድሮ የተበላሸ ላፕቶፕ ዲስኩ ወጥቶ ሌላ ማሽን ላይ ይሰካና ፋይሉ ይገለበጥ ነበር። በኤስኤስዲ ዘመን የጠፋ ፋይል መመለስም ከብዷል፤ ሀርድ ዲስክ የተሰረዘውን ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ያቆየዋል፣ ኤስኤስዲ ግን ትሪም በሚባለው ትእዛዝ ባዶ የተባለውን ቦታ ራሱ ያጸዳዋል። ፍጥነቱና ጥበቃው የመጡት ድሮ ለስህተት ይተርፍ የነበረውን ዕድል ወስደው ነው።

ስለዚህ ቤቱ ልማዱን ለወጠ። ማንኛውም ማሽን ከመፈታቱ በፊት ባለቤቱ ስለ አካውንቱ ይጠየቃል፣ ባክአፕ መኖሩ ይጣራል፣ ቢትሎከር በርቶ ከሆነ ቁልፉ በቅድሚያ በወረቀት ይጻፋል። ደንበኛው አንዳንዴ ይሰለቻል፤ ካቻቢቴ ማየት ይፈልጋል።

ዶላርና ሰው ሠራሽ አስተውሎት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ላፕቶፕም መለዋወጫም ከውጭ የሚገባ ነው። አዲስ መግዛት ሲከብድ ጥገና ይበረታል፤ መለዋወጫውም ግን አብሮ ይወደዳል። መውጫው ከሞቱ ማሽኖች ነው፤ ቦርዱ ከተቃጠለ ላፕቶፕ ስክሪኑ፣ ኪቦርዱ፣ ራሙ፣ ማጠፊያው ተለቅሞ ሌላውን ያድናል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚነሳው የቮልቴጅ ግፊት የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ይበላል፤ ስታቢላይዘር የሌለው ቢሮ የዚህ ቤት ቋሚ ደንበኛ ነው።

በዶላሩ ውድነት ላይ ማንም ያላሰበው ነገር ተጨመረ። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚያሠሩት ግዙፍ ማዕከላት የሜሞሪ ቺፕ ይውጣሉ። የዓለምን ሜሞሪ በአብዛኛው የሚያመርቱት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን አቅማቸውን ወደዚያ አዞሩ፤ አሮጌ ላፕቶፖች የሚጠቀሙበት ዲዲአር4 እየቀነሰ መጣ። ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮን ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ሰው ሲሸጥ ከቆየው የራምና የኤስኤስዲ ንግድ እንደሚወጣ አስታወቀ። ዜናውን ያነበበ ጥገና ቤት ያለውን ራም አልቸበቸበም። ያላነበበው በድሮ ዋጋ ሸጦ በአዲስ ዋጋ ገዛ።

ውድነት ሲመጣ አስመሳይ ዕቃ ይከተላል። 2 ቴራ ተብሎ የሚሸጥ ፍላሽ ውስጡ 64 ጊጋ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ተቆጣጣሪው ቺፕ እንዲዋሽ ተደርጓልና ኮምፒውተሩ 2 ቴራ ብሎ ያምናል። 64ቱ ሲሞላ አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል፣ ወይም ወደ ባዶ ይፈስሳል። ማወቂያው አንድ ነው፦ እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ማንበብ። ይህን የሚያደርግ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን የሠርግ ቪዲዮ ከመጥፋቱ በፊት ነው።

ከየት ይማራል?

ባለሙያው የሚማርበት ትምህርት ቤት ቴሌግራም ነው። የጥገና ሰዎች የባዮስ ፋይል፣ የቦርድ ንድፍና የብልሽት ታሪክ በየቡድኑ ይለዋወጣሉ። የሚያምነው ግን አጣርቶ ነው፤ የባዮስ ፋይል ለሌላ ሞዴል ከሆነ ደኅናውን ቦርድ ይገድላል። የድጋፍ ማብቂያ ቀኖችን ከአምራቾቹ ገጽ ያነባል። መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሁለተኛ አማራጭ ተገኘ፤ ለጥገና ቤት ይህ ማለት አንዱ ሲደክም በሌላው ማውረድ ነው።

መስመር ሁሌ እንደማይኖርም ተምሯል። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ ሁሉን ነገር ከኔት የሚያወርዱ ቤቶች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ዊንዶውስ፣ ድራይቨር፣ ፎንትና መፍቻ በዲስክ ያስቀመጠ ግን ሠራ። ዛሬም የዚህ ቤት ትልቁ ንብረት መሣሪያ አይደለም፤ በየሞዴሉ ተለይቶ የተደረደረ፣ ሁለት ቦታ የተቀመጠ የፋይል ማከማቻ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንመለስ። ደንበኛ ስክሪን ሲቀየርለት ይከፍላል፤ ዕቃው ይታያል። "አትቀይረው" ለሚል ምክር፣ የተረሳ አካውንት ለመዝጋት፣ የቢትሎከር ቁልፍ ለመጻፍ ግን "ለዚህም ታስከፍላለህ?" ይላል። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያው ቀሏል፤ የሚከፈልበትን ነገር ማስረዳት ግን አልቀለለም። ባለሙያው ያገኘው መላ የምርመራ ክፍያ ነው፤ ከጥገናው በፊት ይነገራል፣ ጥገናው ከተሠራ ከዋጋው ይቀነሳል። የሚቆጡ አሉ። እሱ ግን ጸንቶበታል፤ ምክሩ በነፃ ከሆነ ቤቱ የሚኖረው ዕቃ በመሸጥ ብቻ ነው፣ ዕቃ በመሸጥ ብቻ የሚኖር ቤት ደግሞ "አትቀይረው" የማለት አቅም አይኖረውም።

ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10 ተጨማሪ ጊዜ ያበቃል። ያን ሰሞን ስድስተኛና ሰባተኛ ጀነሬሽን የያዙ ማሽኖች በብዛት ይመጣሉ፤ አንዳንዱ ሻጭ "መጣል አለበት" ይላል፣ ሌላው 11ን በጓሮ በር አስገብቶ ገንዘቡን ይቀበላል። በጓሮ በር የገባ 11 ወደፊት ዝማኔ ለማግኘቱ ማይክሮሶፍት ዋስትና አይሰጥም። ሦስተኛው መንገድ ለጽሑፍና ለብራውዘር ብቻ የሚውለውን ማሽን እንደ ሊኑክስ ሚንት ወዳለ ነፃ ሲስተም ማዛወር ነው፤ ባለሙያውን የሚረዳው ልጅ ከወዲሁ በአማርኛ ኪቦርድና በፕሪንተር እየሞከረው ይገኛል። ደንበኛም የድርሻውን መሥራት ይችላል፦ ላፕቶፕ ሲገዛ ከሰረዟ ቀጥሎ ያለችውን ቁጥር ይይ፣ አካውንቱን በራሱ ኢሜይል ይክፈት፣ ሊያሠራ ሲሄድም "ስንት ነው?" ከማለቱ በፊት "ፋይሌን በምን ታቆይልኛለህ?" ብሎ ይጠይቅ። መልስ የሌለው ቤት ከሆነ ላፕቶፑን ይዞ ይውጣ።